«የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን»ና የዋሻው እውነት

በናይሮቢ ከተማ ከምናስተምራቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር እ.ኤ.አ. በ1950 የተሠራውን «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» የተባለውን ፊልም በቅርቡ ተመልክተን ነበር። ፊልሙ የተመሠረተው ራይደር ሃጋርድ በ1885 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ሲሆን፣ ከፊሉ የተነሣው እዚሁ ኬንያ ውስጥ ነው። የሜዳውና የአራዊቱ ትርዒት ዛሬም ዓይን ይስባል። ለፎቶግራፍ ሥራው የኦስካር ሽልማት ማግኘቱ የሚያስነቅፈው አይደለም። ትችታችን የሚጀምረው ከዋሻው ደጃፍ ላይ ነው።

ጀግኖቹ አልማዙን ወዳገኙበት ዋሻ ሲገቡ አንድ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ዋሻ ኬንያ ውስጥ የት ነው?» ሲል ጠየቀ። ኬንያ ውስጥ የለም። የዋሻው ትርዒት የተነሣው በአሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው በካርልስባድ ዋሻ ነው። ለተረት ሲባል ቦታ መለዋወጡ በራሱ ነውር አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ልጁ እውነተኛውን ሳያውቅ ሐሰተኛውን ማድነቁ ነው።

ልብ ወለዱም ቢሆን የሞቱ ነገሥታት በውሃ ጠብታ ድንጋይ ሲሆኑ ያሳየናል። ጠብታ ዕቃን በድንጋይ ሊለብጥ መቻሉ እውነት ነው፤ ደራሲው ግን ዋሻን የአስማትና የሀብት ጎተራ ብቻ አድርጎታል። ተፈጥሮ የሠራችው ከዚህ ይበልጣል። በሜክሲኮ፣ በናይካ የማዕድን ጉድጓድ፣ 300 ሜትር ያህል ከመሬት በታች፣ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሠራተኞች ከ11 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ክሪስታሎች አገኙ። አልማዝ አይደሉም፤ በጥፍር የሚጫር ጂፕሰም ናቸው። ግዙፍ ያደረጋቸው ትዕግሥት ነው፦ ከሥር ያለው ትኩስ አለት ውሃውን ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በ58 ዲግሪ ገደማ ስላቆየው፣ ጥቂት ክሪስታሎች ብቻ ተጀምረው ያለ ሁከት አደጉ። ውሃው በፓምፕ ባይወጣ ኖሮ ማንም አያያቸውም ነበር፤ ፓምፑ ከቆመ ወዲህ ግን ውሃው ወደ ቦታው ተመልሷል።

ኬንያም የራሷ ዋሻ አላት። በኤልጎን ተራራ፣ ኪቱም በተባለው ዋሻ፣ ዝሆኖች በሌሊት እየገቡ ጨው ያለበትን ግድግዳ በጥርሳቸው እየቦረቦሩ ይልሳሉ። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ቶምሰን በ1883 የኤልጎንን ዋሻዎች ሲጎበኝ፣ ሰዎች ከነከብታቸው ሲኖሩባቸው አይቶ ሳለ፣ ሥራውን ከሩቅ ለመጣ ጥንታዊ ሕዝብ ሰጠው። መጽሐፉም እንደ ሃጋርድ ልብ ወለድ በ1885 ታተመ። ሁለቱም አፍሪካ ውስጥ ድንቅ ነገር ሲያዩ ባለቤቱን ከሌላ አገር ፈለጉ። ዋናው ጉድለት ይህ ነው እንላለን።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ፊልሙን አትከልክሉ፤ አሳዩ። ካሳያችሁ በኋላ ግን መብራቱን አብርታችሁ፣ «ይህ ዋሻ የት ነው? ማን ሠራው? በስንት ዘመን?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪዎችም ሆይ፣ መልሱ ከአልማዙ ይበልጥ ያስደንቃችኋል።