ክትባቱ የማንን ጉሮሮ ነው የሚያውቀው?

ግምጃ ቤትም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል» እንላለን። አንዳንዱ ቤት እንጥል ማስቆረጥም ይታሰባል። ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ ግን ነገሩ ልብ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲያሳድድ የራሱን የልብ ቫልቭ ይጎዳል።

የዘመዱ፣ የሳንባ ምች አምጪው ስትሬፕቶኮከስ ክትባት እኮ እ.ኤ.አ. በ2011 አገራችን ገብቷል። ለዚህኛው ፈቃድ ያገኘ ክትባት እስካሁን የለም። ለምን? ላዩ ላይ ያለው ኤም ፕሮቲን ከ200 በላይ ዓይነት አለው፤ ከፊሉም የልባችንን ፕሮቲን ይመስላል። ስለዚህ ቀማሚዎቹ የጫፉን ቁራጭ ብቻ ይወስዳሉ። ብልህ ዘዴ ነው።

ቅር የሚለኝ ምርጫው ላይ ነው። 30 ዓይነቶችን የያዘው የሙከራ ክትባት በዋናነት የተመረጠው ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የሚበዙትን አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ የኢትዮጵያዎቹ ዓይነቶች ብዙና የተለዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። በሁሉም ዓይነት ላይ የማይለወጠውን ክፍል የሚያነጣጥሩ ቀመሮችም አሉ፤ እኔ ወደነሱ አደላለሁ።

ማድረሻውስ? በሽታው የሚበረታው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በትምህርት ቤት መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። እስከዚያው ልቡ የተነካ ልጅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ለዓመታት።