ጠማቂው ትሬይልና ሁለቱ ምስክሮቹ

በአገራችን አንባብያን ዘንድ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን የሚታወቀው በ1759 ባሳተመውና ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ በመለሰው በ«ራሴላስ» ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይኸው ደራሲ ከ1765 ጀምሮ ለዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል በአንድ ጠማቂ ማዕድ ሲበላና በቤቱ ሲያድር እንደ ኖረ ግን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ጠማቂው ሄንሪ ትሬይል ይባላል። በለንደን፣ ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ በሚገኘው በሳውዝዋርክ፣ ፖርተር የተባለውን ጥቁር ቢራ ያስጠምቅ ነበር፤ ከ1765 እስከ 1780 ድረስም የዚያው ሠፈር የፓርላማ እንደራሴ ነበረ። ይህን ሰው የምናውቀው በሌሎች ብዕር ነው፤ ይልቁንም በጄምስ ቦዝዌልና በገዛ ሚስቱ በሔስተር ትሬይል። የጠመቃውን ነገር በሚመለከት ከሁለቱ ማንን እንመን? መመርመር የፈለግነው ይህን ነው።

ቦዝዌል በ1791 ባወጣው የጆንሰን የሕይወት ታሪክ የቤቱን አመጣጥ ባጭሩ ይተርካል። የሄንሪ አባት ራልፍ በሳምንት ስድስት ሺሊንግ እየተከፈለው በዚያው ጠመቃ ቤት ሃያ ዓመት ሠራ፤ የባለቤቱ ልጅ ከመኳንንት ወገን አግብታ ስለ ነበረ ቤቱ ሲሸጥ በ30,000 ፓውንድ ገዛው፤ ዋጋውንም በዐሥራ አንድ ዓመት ከፍሎ ጨረሰ ይላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ያማረ። ራልፍ የቀድሞው ጠማቂ የኤድመንድ ሃልሲ የእኅት ልጅ እንደ ነበረ ቦዝዌል አያነሣምና። በአጎቱ ቤት የሚሠራ ወጣትና ከመንገድ የተቀጠረ ሠራተኛ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ስለ ልጁ ስለ ሄንሪ ሲጽፍ ደግሞ ቦዝዌል የሚያሳየን ጨዋውን፣ የተማረውን፣ በቤቱ ላይ ጌታ የሆነውን ሰው ነው። ማዕዱን እናያለን፤ የብቅሉ ጎተራ ግን አይታየንም። በወይዘሮዋ ላይ ያለውም ቂም ግልጽ ነው፤ እርሷ በ1786 ስለ ጆንሰን መጽሐፍ በማውጣት ቀድማዋለችና።

ወይዘሮ ትሬይል በ1776 የጀመረችው ማስታወሻ «ትሬሊያና» በሙሉ የታተመው በ1942 ነው። ከዚህና ዘግይታ ከጻፈችው ትዝታ የምናገኘው ሌላ ሄንሪ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሆዳም፣ ዊትብሬድንና ካልቨርትን በበርሚል ብዛት ለመብለጥ የሚቃጠል ሰው። በ1772 ሐምፍሪ ጃክሰን የተባለ ኬሚስት ያለ ብቅልና ያለ ሆፕስ ቢራ ይጠመቃል ብሎ አሳመነው። (ያለ ብቅልና ያለ ጌሾ ጠላ እጠምቃለሁ የሚል ሰው ከእናቶቻችን ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚባል አንባቢው ያውቀዋል።) ሙከራው ከሸፈ። በዚያው ዓመት በሰኔ የፎርዳይስ ባንክ በመውደቁ በለንደን ብድር ጠፍቶ ነበር። ባልየው በሐዘን ሲደነዝዝ፣ ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ከዋናው ጸሐፊ ከጆን ፐርኪንስ ጋር ሆና ገንዘብ ፍለጋ ተነሣች፤ የእናቷንም ቁጠባ ወሰደች። ጆንሰንም በምክር አልተለያቸውም።

ዕዳው 130,000 ፓውንድ እንደ ነበረና በዘጠኝ ዓመት ተከፍሎ እንዳለቀ ትጽፋለች። እኛ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ እንቀበለዋለን። ቤቱ በ1781 የተሸጠው በ135,000 ፓውንድ ነው፤ በስተርጅና ትዝታ ውስጥ ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው ያጠራጥራል። ከዚህም በላይ እርሷ የዌልስ ባላባት ልጅ ናት፤ ንግዱን ትንቀው ነበር፤ በመሸጡም ደስ ብሏታል።

ይሁን እንጂ ስለ ሥራው ጠባይ ምስክርነቷ እውነት መሆኑን ፒተር ማታያስ በ1959 ስለ እንግሊዝ የቢራ ኢንዱስትሪ ያሳተመው ጥናት ያስረዳል። ፖርተር በትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ መቆየት የሚችል ቢራ ስለ ነበረ በብዛት ለመጥመቅ ተመቸ፤ ዊትብሬድ በ1796 በዓመት ከ200,000 በርሚል በላይ ያወጣውም በዚሁ ነው። ነገር ግን ገብሱ ከመከር በኋላ በብዙ ገንዘብ ይገዛል፤ ቢራው ይቆያል፤ መጠጥ ቤቶችም በዱቤ ይወስዳሉ። ስለዚህ የሄንሪ የበርሚል ፉክክር ሚስቱ እንደምትለው የልብ ኩራት ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ቤቱን ለአበዳሪ የሚያስይዝ ነበር። ይህን ቦዝዌልን ብቻ ያነበበ ሰው ሊያውቅ አይችልም፤ እኛም በዚህ ረገድ ለወይዘሮዋ እንፈርዳለን።

ሁለቱም ያጎደሉት ሰው ፐርኪንስ ነው። በሰኔ 1780፣ በጎርደን ሁከት ጊዜ፣ ሕዝቡ ቤቱን ሊያቃጥል ሲመጣ ሥጋና ፖርተር አቅርቦ የመለሰው እርሱ ነበር። ትሬይል በሚያዝያ 1781 ሲሞት ቤቱን የባርክሌይ ቤተ ሰብ ገዛ፤ ፐርኪንስም ሸሪክ ሆነ። በቦዝዌል መጽሐፍ ውስጥ ግን ስለ እርሱ የሚታወሰው አንድ ቀልድ ነው፤ የጆንሰንን ሥዕል በሒሳብ ክፍሉ ለምን እንደ ሰቀለ ወይዘሮ ትሬይል ብትጠይቀው፣ በዚያ ክፍል አንድ ብልኅ ሰው እንዲኖር ፈልጎ መሆኑን መለሰላት። የሒሳቡን መዝገብ ሲይዝ የኖረው ራሱ ነበር።