ማን ማንን ይጠብቃል?

በብዙ ክር የሚሠራ ፕሮግራም ሲወድቅ የወደቀበትን ቦታ ማግኘት አይከብድም። ሳይወድቅ ደርቆ ሲቀር ነው መከራው። እኔ ፍኖተ ሰላም ሆኜ የምከታተለው፣ ቡሬ ላይ አንድ የእህል መጋዘን የሚገለገልበት ፕሮግራም ይህ አመል ነበረበት። አንዱ ክር ሚዛን ያነባል፣ ሌላው መዝገብ ይጽፋል፣ ሦስተኛው ደረሰኝ ያትማል፤ በቆሎ ያመጣው ገበሬ ወረፋ ሲረዝም ግን ሦስቱም ዝም ይላሉ።

ጂዲቢ የተባለው ዲበገር (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ) የሁሉንም ክሮች የጥሪ ሰንሰለት በአንድ ትእዛዝ ይዘረግፈዋል። ያን ሁሉ ገጽ ግን መጋዘን ጠባቂዋ በስልክ ልታነብልኝ አትችልም፤ እኔም የምፈልገው ማን የማንን ቁልፍ እንደሚጠብቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲበገሩን በፓይተን አሰፋሁት። ፓይተን ወደ ጂዲቢ የገባው በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው 7.0 ነው፤ ክሮችን ከስክሪፕት ማግኘት የተቻለው በቀጣዩ ዓመት በ7.2 ነው።

ጂዲቢ ለእያንዳንዱ ክር ሦስት ቁጥሮች ይሰጣል፤ መካከለኛው ሊኑክስ ክሩን የሚያውቅበት ነው። ግሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪም የተቆለፈ ሚውቴክስ (ክሮች የሚጠባበቁበት ቁልፍ) ውስጥ የባለቤቱን ክር ይህንኑ ቁጥር ይጽፋል። ስክሪፕቱ ሁለቱን አገናኝቶ በሁለት መስመር ይጨርሳል፦ መዝገብ ደረሰኝን ይጠብቃል፣ ደረሰኝ መዝገብን ይጠብቃል። ይህን በስልክ ማንም ያነበዋል። ለክሮቹ የአማርኛ ስም የሰጠሁትም ለዚሁ ነው። ሊኑክስ ለስም የሚፈቅደው 15 ባይት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ አምስት ፊደል ይይዛል። «ሚዛን»፣ «መዝገብ»፣ «ደረሰኝ» ሁሉም ይገባሉ።

አጥብቄ የምይዘው ሕግ ግን ሌላ ነው። ስክሪፕቱ ክሮቹን አንድ በአንድ ሲመረምር የዲበገሩን ምርጫ ይቀይራል። ሲጨርስ፣ ስህተት ቢገጥመውም እንኳ፣ ክሩንም ፍሬሙንም (በጥሪ ሰንሰለቱ ላይ የተመረጠውን ደረጃ) ወደነበረበት መመለስ አለበት። ክሩን ብቻ መመለስ አይበቃም፤ ክር ሲመረጥ ጂዲቢ ፍሬሙን ወደ ላይኛው ይወስደዋልና። ይህ ካልተደረገ ቀጥሎ የሚሠራው ሰው የአንዱን ክር ተለዋዋጭ የሌላው መስሎት ያነባል፤ ዲበገሩንም ማመን ያቆማል።

የግሊብሲ የማረሚያ መረጃ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የቁልፉ ባለቤት ላይታይ ይችላል። ያኔ ስክሪፕቱ «አልታወቀም» ብሎ ያትማል፤ ግምት እንዲያትም አልፈቀድኩለትም።