ፊልሙ ካለቀ በኋላ፤ ስለ ልዩ ትርኢቶችና ስለ ሰፈር ተመልካች

ሳንሱሲ በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። ከአስኮ ወዲያ፥ በአምቦ መንገድ ላይ በምትገኘው ሳንሱሲ የሚኖር ሰው ግን ጥሩ ፊልም ለማየት ባማረው ቀን ሐሳቡ ብዙ ነው። ለመሄጃ ታክሲ ይሰለፋል፤ አዳራሹ ውስጥ ከፊልሙ ይልቅ ሰዓቱን ሲያይ ያመሻል፤ ከትርኢቱ በኋላ ውይይት አለ ሲባልም የመጨረሻው ታክሲ እንዳያመልጠው ቀድሞ ይወጣል። ከመካከላችን ሁለቱ የዚያው ሰፈር ልጆች ስለሆኑ ነገሩን ከሰሚ ሰሚ አልወሰድነውም።

በዚህ ጽሑፍ ልዩ ትርኢት የምንለው ለገበያ ከሚዞረው ፊልም ተለይቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን የሚታየውን፥ ሲያልቅም መብራት በርቶ ተመልካቹ ሐሳቡን የሚሰጥበትን ነው። እንዲህ ያለው ትርኢት በአዲስ አበባ ብርቅ አይደለም። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩት ለብዙ ዓመታት ፊልም አሳይተዋል፤ ለዚህም ምስጋናቸውን አናስቀርም። ነገር ግን በነዚህ ትርኢቶች ላይ ተገኝቶ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው ባለፈው ያያቸውን ፊቶች መልሶ ያያል። ጠያቂው ያው፥ መላሹ ያው፥ በመጨረሻ ሻይ የሚጠጣውም ያው ነው። (እኛም ከነዚያው ፊቶች ነንና ወቀሳው ራሳችንንም ይነካል።) ሕዝቡ ፊልም አይወድም እንዳይባል፥ የሰፈሩ ሰው በየቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ስንት ዓመት ፊልም እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ስናስብ ትዝ ያለን የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ኋላም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ስለ ባርነት የሚናገረውን ፊልም ሠርቶ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ሲያሳይ፥ የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን ሥራውን አልቀበል አሉት። እርሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ደጅ ሲጠኑ አልከረሙም። ሲኒማ ቤቱን ራሳቸው እየተከራዩ፥ በየከተማው የሚገኘውን የጥቁር ሕዝብ ማኅበር ወሬ ነጋሪና ትኬት ሻጭ እያደረጉ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚሁ በፊልሙ ስም፥ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በጆርጂያ አቬኑ ላይ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ፤ በዚያም ፊልም ይታያል፥ ደራሲ ይጋበዛል፥ ክርክር ይደረጋል። በ2019 የንብረት ግብር በከበደው ጊዜ ለመደብሩ የተሟገተለትና ከከተማው ምክር ቤት የግብር እፎይታ እንዲያገኝ የረዳው ያው ደንበኛው ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የብልህ ነጋዴ ዘዴ እንጂ የኪነ ጥበብ ጉዳይ አይደለም ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም። ትኬቱን ራሱ የሸጠ፥ ወንበሩን ራሱ የደረደረ ተመልካች በአዳራሹ ውስጥ እንግዳ አይሆንም፤ ጋባዥ ነው፤ ጋባዥ ደግሞ ሳይናገር አይወጣም። ይሁንና የዋሽንግተኑን መደብር እንዳለ አንሥቶ ሳንሱሲ ላይ መትከል አይቻልም። እዚያ ፊት ለፊቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ፊልሙን መጽሐፉ ይደጉመዋል። እዚህ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ እርሱንም ኳስ ይዞታል።

ቢሆንም ሞከርን። የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት ቅዳሜና እሑድ አይሆንም ስላለን ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተከራየን፤ በዚህም ስሕተት ጀመርን፤ በዚያ ሰዓት የጉልት ሴቶች ሥራ ላይ ናቸውና። ያሳየነው የኃይሌን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ ከአንድ መምህራችን በተዋስነው ቅጂ (የባለ መብት ፈቃድ ነገር ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፥ እንመለስበታለን)። ፊልሙ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 ተነሥቶ በ1976 የወጣ፥ ጥቁርና ነጭ፥ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፥ የጭሰኛ ቤተ ሰብንና የባለ መሬትን ኑሮ የሚያሳይ ነው። ልጆቹ ከግማሹ በፊት ወጡ። አዛውንቶቹ ግን እስከ መጨረሻው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ስንናገር እናፍራለን። አንዱ ጓደኛችን ተነሥቶ ስለ ፊልሙ ቅርጽና ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገረ። ሰውም በትሕትና ዝም ብሎ ሰማ፥ አጨበጨበም። ልንበተን ስንል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እማማ በኦሮምኛ መናገር ጀመሩ። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቅ አልነበረም። በሩ አጠገብ የቆመ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተረጐመልን፤ «ያ ባለ መሬት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጮኽ አባቴን አየሁት፤ የሚጮኸውን አይደለም፥ የሚጮኽበትን» አሉ። ከዚህ በኋላ ሌሎቹም ቀጠሉ፤ ማን የማን ጭሰኛ እንደ ነበረ፥ አሁን ፎቅ የቆመበት ቦታ ምን ይዘራበት እንደ ነበረ ተነገረ። እኛ ማስታወሻ ለመያዝ ወረቀት እንኳ አላዘጋጀንም ነበር።

ፊልሙ ላይ ባነበብናቸው ሒሶች ሁሉ ስለ ካሜራው ዝግታ ብዙ ተብሏል፤ አንዳንዱ አሰልቺ ነው ይላል፥ አንዳንዱ ያደንቀዋል። በዚያች ክፍል ግን ዝግታው ሌላ ጥቅም ነበረው፤ አዛውንቶቹ እያዩ እርስ በርሳቸው ለመነጋገር ጊዜ አገኙ። በመሀል ከተማ አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ዝም በሉ ይባሉ ነበር። እኛም በመጀመሪያ ዝም ልናሰኛቸው ቃጥቶን ነበር።

ለሚቀጥለው ትርኢት የመክፈቻ ንግግሩን ሰርዘናል፤ ተርጓሚ የሆነን ተማሪም ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኗል። ሰዓቱን በተመለከተ ከቤቱ ባለቤት ጋር ገና አልተስማማንም። እማማን መጥተው ወጉን እንዲከፍቱልን ለምነናቸዋል፤ ፊልሙ አጠር ያለ እንደ ሆነ እመጣለሁ ብለዋል።