የማን ልጅ ነው?

በአገራችን አንድን ሰው ለማወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ታውቃለህ?» አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። መልሱን ከሰማን በኋላ ደግሞ ሰውየው የሚለውን መስማት እናቆማለን። ከምንወደው ቤት ከሆነ ላልተናገረውም እናጨበጭብለታለን። ከማንወደው ቤት ከሆነ ሁለትና ሁለት አራት ነው ቢል እንኳ «እሱማ ምን ያድርግ፣ የአባቱ ነገር ሆኖበት ነው» ብለን እናልፈዋለን። አዋቂ ነኝ ብሎ ስለ አገር ጉዳይ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የባሰ ፈተና የለም።

ይህን ልማዳችንን በአንድ ሰው ሥራ ላይ ልሞክረው ነው። ሰውየው በጀርመን አገር የሚኖሩት የታሪክ ምሁርና የአፍሪካ ጉዳይ አማካሪ ዶክተር አስፋወሰን አሥራተ ካሣ ናቸው።

የማን ልጅ እንደሆኑ ስሙ ራሱ ይናገራል። አያታቸው ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱ፣ ዘውዱ ለራሳቸው ቅርብ ሆኖ ሳለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በታማኝነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሦስት ልጆቻቸውን፣ አበራን፣ ወንድወሰንንና አስፋወሰንን ገደለባቸው። የተረፉት አሥራተ ካሣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1970 የኤርትራ እንደራሴ፣ ቆየት ብለውም የዘውድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ያኔ ልጃቸው በጀርመን ተማሪ ነበሩ። እናታቸው፣ እኅታቸውና ወንድሞቻቸው አዲስ አበባ ታስረው ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሸክም የተሸከመ ሰው ምን ይሆናል? ብዙው በስደት አገር የድሮ ፎቶግራፍ ከፊቱ ደርድሮ ሲተክዝ ይኖራል። እሳቸው ግን መማሩን ገፉበት። አዲስ አበባ በጀርመን ትምህርት ቤት የጀመሩትን በቱቢንገን፣ በካምብሪጅና በፍራንክፈርት ቀጥለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሸዋ ታሪክ በጻፉት ጥናት ዶክተር ተባሉ። በኢትዮጵያ ለዜጎች መብት የሚሟገት ማኅበር አቋቋሙ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካንና የመካከለኛው ምሥራቅን ጉዳይ ለጀርመን ኩባንያዎች የሚያማክሩ ባለሙያ ሆኑ። በ2003 ስለ መልካም ምግባር የጻፉት መጽሐፍ ጀርመኖችን ጉድ አሰኘ፤ ከአፍሪካ የመጣ ሰው በገዛ ቋንቋቸው ስለ ጠባይ አስተማራቸው! በዓመቱ የሻሚሶን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኙ። ማንም በአባቱ ስም ብቻ እዚህ አይደርስም።

የኔ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ በመጡት ሁለት መጻሕፍት ላይ ነው። የመጀመሪያው በ2014 የወጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ ነው። ጸሐፊው ንጉሠ ነገሥቱን በልጅነታቸው በቅርብ ያዩ ዘመድ ናቸው። «በቃ፣ ውዳሴ ነው» ብሎ የሚጀምር አንባቢ ግን ይሳሳታል። ጃንሆይ ሥልጣኑን ሁሉ በእጃቸው ሰብስበው መያዛቸው፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ እንኳ ለመለወጥ አለመቸኮላቸው፣ የአልጋ ወራሹን ነገር እንዲሁ አንጠልጥለው ማርጀታቸው በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ ይወቀሳል። ያንን ግርግር ለዘውዱ ብለው ካከሸፉት ሹማምንት አንዱ ደግሞ የጸሐፊው አባት ነበሩ። ከእነዚያ ሹማምንት ቤት የወጣ ልጅ «ያን ጊዜ የዳነው ሥርዓት ከመዳኑ አልተማረም» ሲል ከማንም የበለጠ ክብደት አለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን የሚቆጫቸው ያልተበላው ሳይሆን ያልተሠራው ነው።

ታዲያ ምን ጎደለው? ጭሰኛው ጎደለው። እኔ በመጽሐፉ ያገኘሁት ጭሰኛ እንደ ችግር የሚነሣ እንጂ እንደ ሰው የሚናገር አይደለም። አገሪቱ የምትታየው ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ሰውየውም ዐይናቸው ጥሩ ነው፣ ግን መስኮት መስኮት ነው። ያ 1967 ዓ.ም. ሁለት ቀን ያለው ዓመት መሆኑን እናስታውስ። በኅዳር 14 እነ ራስ አሥራተ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ወራት ቆይቶ በየካቲት 25 ያው ደርግ የገጠር መሬትን ከባለርስቱ ነጥቆ ጭሰኛውን ከእርቦና ከሲሶ ነፃ አወጣ። ለአንዱ ቤት ዓመቱ ልቅሶ ነው፤ ለሌላው ቤት፣ በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ እልልታ ነበር። ኋላ ደርግ ያንንም ገበሬ በኮታና በግዳጅ ምልመላ አስለቅሶታል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ስለ ኢትዮጵያ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ግን ሁለቱን ቀኖች በአንድ ገጽ ላይ ማኖር ይጠበቅበታል። የኅዳሩን ብቻ የሚጽፍ ግማሽ ምስክር ነው። የየካቲቱን ብቻ የሚጽፍም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ ያለ ፍርድ የፈሰሰውን ደም «የታሪክ ግዴታ» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ይበልጥ ያስፈራኛል።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ2016 የወጣው ስለ ስደት የተጻፈው ነው። አርእስቱ ወደኛ ሲመለስ «አዲሱ የሕዝቦች ፍልሰት፤ አውሮፓን ማቆየት የሚሻ አፍሪካን ማዳን አለበት» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ አማካሪው ጎልተው ይወጣሉ። አውሮፓ አምባገነኖችን በገንዘብ እየደገፈች ስደተኛ መጣብኝ ብላ መጮኋ፣ በመንግሥት ድጎማ የረከሰ የእርሻ ምርቷን አፍሪካ ገበያ ላይ አራግፋ ገበሬውን ማክሰሯ ትክክለኛ ክስ ነው። ይህን በጀርመንኛ፣ ለጀርመኖች፣ ፊት ለፊት መናገር ዋጋ አለው። ነገር ግን አርእስቱን ድጋሚ አንብቡት። አፍሪካ የምትድነው ለምንድን ነው? አውሮፓ እንድትቆይ! ክርክሩ የቆመው በሰሚው ፍርሃት ላይ ነው። ለሰሚው በሚገባው ቋንቋ መናገር የአማካሪ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፍርሃት ግን ሁለት ልጅ ይወልዳል፤ አንዱ እርዳታ ነው፣ ሌላው አጥር። እኛ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ያየነው አጥሩ ሲረዝም ነው።

ከአንድ ሰው ይህን ሁሉ መጠበቅ ግፍ አይሆንም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይመስለኝም። ይህ ሰው ለኛ የሚጠቅሙን ልዑል ስለሆኑ አይደለም፤ የተወለዱበትን ቤት መዝገብ ከፍተው ዕዳውን ለማንበብ የደፈሩ ስለሆኑ ነው። ከደፈሩ አይቀር እስከ መጨረሻው ገጽ ቢሄዱልን ብዬ ነው። የኛ አገር ገዥዎች ልጆች ብዙ ናቸው፤ የዘውዱም፣ የደርጉም፣ የኢሕአዴጉም። በየዘመኑ ከነዚህ ቤቶች የተማሩ ሰዎች ይወጣሉ፤ ስለ መሬት፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ፌዴራል ሥርዓት ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ። አባቶቻቸው በዘጉት በር በኩል ያየ ሰው ከነሱ በላይ ማን አለ? ቁልፉ የት እንደተቀመጠ ያውቃሉ።

እኛም አንባቢዎች ድርሻ አለን። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ መጣል አንችልም፤ ሰው ከየት ሆኖ እንደሚያይ ይነግረናልና። ግን መጀመሪያ ሥራውን እናንብብ፣ ቀጥለን «ያባትህ ቤት ስለዚህ ነገር ምን ይላል?» ብለን እንጠይቀው። ያን ጊዜ ከመልሱ ይፈረዳል።