«የግል» አዳኝ
«ጌታን የግል አዳኜ አድርጌ ተቀበልኩ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ «የግል» ላይ ይቆማል። የግል ባንክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የግል መኪና… ቃሉ በኛ አማርኛ ከቅርበት ይልቅ አጥር ይቀናዋል። ቅርበቱንማ ሰዋስዋችን ድሮ ጨርሶታል፤ የሰፈር ሽማግሌን «እርስዎ» የምንል ሰዎች ፈጣሪን «አንተ» እንለዋለን! ዳዊት የሚደግሙ እናቶችም እንደ ልብ ወዳጅ ሲሞግቱት ያድራሉ።

አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈውን «ኑዛዜ» 13ቱንም ክፍል የሚያወራው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው። ግን የገዛ ልቡን ሲበረብር የእናቱ የሞኒካ እንባ፣ ሞት የነጠቀው ጓደኛው፣ ከጎረቤት ቤት የተሰማ የልጅ ድምፅ አብረው ይገባሉ። ባነበብኳቸው የዘመናችን የምስክርነት መጻሕፍት ያጣሁት ይህንን ሰው ሁሉ ነው። «እኔና ጌታ» ብቻ! ሚስት እንኳ «በጸሎት የተሰጠችኝ» ተብላ በአንድ መስመር ታልፋለች፤ ስሟም አይጠቀስ።