ሁለት ተዋንያን፣ የአንድ ሕዝብ ግጥም

ግጥምን መድረክ ላይ ማውጣት ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወይ ደረቅ ንባብ ወይ ጩኸት ሆኖ ይቀራል። ኖራ አርማኒና ጄራልድ ፓፓዝያን «ሶጆርን አት አራራት» በተባለው ሥራቸው ከሁለቱም አምልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የጀመሩት ይህ ትያትር ተዋንያኑ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጽሑፉም የአርመን ግጥም ነው። በትርጉም ስለሚቀርብ አርመንኛ የማያውቅ ታዳሚም ይከተለዋል። በተለያዩ አገሮች የዞረውም ለዚህ ይመስለኛል።

የሚቀዱበት ምንጭ ደግሞ ጥልቅ ነው። አርመናውያን ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ስለ አምላካቸው ስለ ቫሃግን ልደት ይዘምሩ ነበር፤ ሰማይና ምድር ያምጣሉ፣ ባሕር ውስጥ ካለ ቀይ ሸምበቆ ጭስና ነበልባል ይወጣል፣ ከነበልባሉም ጸጉሩ እሳት የሆነ ብላቴና እየሮጠ ብቅ ይላል። በቃል የኖረውን ይህን መዝሙር ታሪክ ጸሐፊው ሞቭሴስ ኾረናሲ መዝግቦ አቆየው። እንዲህ ያለ ግጥም እኮ በራሱ ትያትር ነው! ከዚያ ወዲህ የናሬኩ መነኩሴ የግሪጎር ጸሎት አለ፣ የሳያት ኖቫ የፍቅር ዜማ አለ። ገጣሚዎቹ ዳንኤል ቫሩዣንና ሲያማንቶ እ.ኤ.አ. በ1915 በአርመናውያን ላይ በተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ ተገደሉ፤ ግጥማቸው ግን ዛሬም ይነበባል።

የተበተነ ሕዝብ ግጥሙን በሰው አገር ቋንቋ ሲያሰማ አንዳንዱ ቅር ይለዋል፤ እኔ ግን ደግ አደረጉ እላለሁ። ለነገሩ የአርመን ጥበበኛ ለእኛም መድረክ ባዕድ አይደለም፤ ነርሰስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሙዚቃ ያቀናብር ነበር።